አረንጓዴ ሕንፃ፦ የየአገሩ ጥያቄ፣ የየአገሩ መልስ



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ በከተሞቻችን የሚቆመው ሕንፃ ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን የሚገለገሉበት ነው። በተሳሳተ አቅጣጫ የቆመ ባለ አሥራ አምስት ፎቅ ስህተቱን ለሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይዞ ይኖራል። የስህተቱን ዋጋ ደግሞ በየወሩ የሚከፍለው ሕንፃውን የሠራው ሰው አይደለም፤ ውስጡ የሚሠራው ሠራተኛ፣ የሚማረው ተማሪ፣ የሚታከመው በሽተኛ ነው። ስለ አረንጓዴ ሕንፃ መነጋገር የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ይህን ከፋይ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

ላስተላልፍ የመጣሁት ሐሳብ አጭር ነው። በዓለም ላይ ያለ እያንዳንዱ የአረንጓዴ ሕንፃ መስፈርት አንድ አገር ለራሱ ችግር የሰጠው መልስ ነው። መልሱን ከመውሰዳችን በፊት ጥያቄው የእኛም መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባናል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ከሆነ ደግሞ መልሱን ራሳችን መጻፍ አለብን።

መጀመሪያ የጉዳዩን ስፋት እንመልከት። ዓለም ከኃይል አጠቃቀምና ከኢንዱስትሪ ሥራ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ሕንፃ ከመሥራትና በሕንፃ ከመገልገል የሚመጣ ነው። ይህ ልቀት ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ሕንፃው ካለቀ በኋላ በየቀኑ ለማሞቅ፣ ለማቀዝቀዝ፣ ለመብራትና ለአሳንሰር የሚፈጀው ኃይል ነው። ሁለተኛው ገና በሩ ሳይከፈት የወጣው ነው፤ ሲሚንቶው ሲጋገር፣ ፌሮው ሲቀልጥ፣ መስታወቱ ሲነጠር፣ ዕቃው ከሩቅ ሲጓጓዝ። ለብዙ ዓመታት ዓለም በአብዛኛው የተጨነቀው ስለ መጀመሪያው ነበር። ምዘናዎቹ እንዴት እንደጀመሩ ለማየት፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ወደ መነሻው እንሂድ።

በ1990 የእንግሊዝ የሕንፃ ምርምር ተቋም ብሪያም የተባለውን ምዘና አወጣ። አንድ ሕንፃ ምን ያህል ኃይልና ውሃ እንደሚፈጅ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ለተገልጋዩ ጤና ምን ያህል እንደሚመች በአንድ መዝገብ ተሰፍሮ ደረጃ የሚሰጥበት አሠራር ከዚያ ጀመረ። በ1993 የተመሠረተው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ደግሞ በ1998 ሊድ የተሰኘውን ምዘና ይዞ መጣ። ዛሬ ሊድ በ110 ነጥብ ይመዝናል፤ 40 ያገኘ ሕንፃ የምስክር ወረቀት ያገኛል፣ 80 የደረሰ ፕላቲነም ይባላል። ነጥቡ የሚገኘው ከኃይልና ከውሃ ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ሕንፃው ለሕዝብ ትራንስፖርት ካለው ቅርበት፣ ከግንባታ ዕቃው ምንጭ፣ ከውስጡ አየር ጥራትም ጭምር ነው።

የእነዚህ ምዘናዎች ውለታ ትልቅ ነው። ባለሀብት፣ አርክቴክትና ተከራይ የሚግባቡበት የጋራ ሚዛን ሰጡ። ይሁን እንጂ ሚዛኑ የተሠራው በተወለደበት አገር ልክ ነው። ይህን ቀድመው ካስተዋሉ አገሮች አንዷ ህንድ ናት። በሃይደራባድ የሚገኘው የአረንጓዴ ንግድ ማዕከል በ2003 ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የሊድ ፕላቲነም አግኝቶ ነበር። ህንዶች በዚህ ኮርተው አላበቁም። አብዛኛው ሕንፃቸው በመስኮት የሚተነፍስ እንጂ ሙሉ በሙሉ በማሽን የሚቀዘቅዝ አለመሆኑን ተመለከቱና፣ ግሪሃ የተባለ የራሳቸውን ብሔራዊ ምዘና አበጁ። ከውጭ ተማሩ፣ ከዚያ ለራሳቸው ጻፉ። ይህ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል።

ክቡራትና ክቡራን፤ አራት ቦታዎችን ላስጎብኛችሁ። በእያንዳንዱ ዘንድ ጥያቄው ምን እንደነበር እናስተውል።

የመጀመሪያው በጀርመን የዳርምሽታት ከተማ ነው። በ1991 ክራኒሽታይን በሚባለው ሠፈር አራት ቤተሰቦች ወደ አዲስ ተያያዥ ቤቶች ገቡ። ቤቶቹ የስዊድናዊው ፕሮፌሰር የቦ አዳምሶንና የጀርመናዊው የፊዚክስ ባለሙያ የቮልፍጋንግ ፋይስት ምክክር ውጤት ነበሩ። ጥያቄያቸው እንዲህ ነበር፦ የብርድ ወራት ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር፣ ያለ ትልቅ ማሞቂያ በቤት ውስጥ መኖር ይቻላል ወይ? መልሳቸው ግድግዳውንና ጣሪያውን ሙቀት በማያሳልፍ ወፍራም ልባስ መሸፈን፣ መስኮቱን ባለ ሦስት ንብርብር መስታወት ማድረግ፣ ነፋስ የሚሰርግበትን ቀዳዳ ሁሉ መድፈን፣ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው አየር የሚያስረክብበት መሣሪያ መግጠም ነበር። ፓሲቭ ሃውስ የተባለው መስፈርት ከዚህ ተወለደ፦ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ለማሞቅ በዓመት ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መፍጀት የለበትም። ብራስልስ ከ2015 ጀምሮ ለአዳዲስ ሕንፃዎች ወደዚህ የተጠጋ ግዴታ አወጣች። መልሱ ድንቅ ነው፤ ጥያቄው ግን የብርድ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛዋ ሲንጋፖር ናት። ከምድር ወገብ በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ የምትርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የምትሞቅና የምትወብቅ ደሴት ናት። መብራቷ የሚመነጨው በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ጋዝ ስለሆነ፣ ማቀዝቀዣ የሚበላው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከካዝናዋ የሚወጣ የውጭ ምንዛሪ ነው። በ2005 ግሪን ማርክ የተባለውን ምዘና ጀመረች። ሦስት ዓመት ብቻ ቆይታ፣ በ2008፣ ከ2,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ዝቅተኛውን ደረጃ በሕግ ግዴታ አደረገች። በ2030 ከሕንፃዎቿ ስፋት 80 በመቶውን አረንጓዴ ለማድረግ አቅዳ እየሠራች ነው። ከሲንጋፖር የምንማረው ትልቁ ነገር የመንግሥት ቆራጥነት ነው፦ ፈቃደኛውን መሸለም መጀመሪያ፣ ሁሉንም ማስገደድ ቀጥሎ።

ሦስተኛዋ የዚምባብዌዋ ሀራሬ ናት። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሀራሬ ታሪኳ ወደ እኛ ይቀርባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት የተባለ የቢሮና የገበያ ሕንፃ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ከአሩፕ ድርጅት መሐንዲሶች ጋር የነደፉት ነው። የምስጥ ኩይሳ እንዴት እንደሚተነፍስ ከነበረው ግንዛቤ ሐሳብ ወስደዋል። ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር በኮንክሪት ወለሎቹ ውስጥ በተተዉ ክፍተቶች ያሳልፉታል፤ ኮንክሪቱ ብርዱን ይይዛል። ቀን ደግሞ የሚገባው አየር በዚያው ቀዝቃዛ ኮንክሪት አጠገብ እያለፈ ወደ ቢሮዎቹ ይደርሳል፤ የሞቀው አየር በጣሪያው ላይ በተደረደሩት የጡብ ጭስ ማውጫዎች ይወጣል። መስኮቶቹ በጥላ የተከለሉ ናቸው፤ ከውጪ የሚታየው ጡብና ኮንክሪት እንጂ የመስታወት ግድግዳ አይደለም። ሕንፃው የተለመደው የማቀዝቀዣ ማሽን ስላላስፈለገው ከግንባታው ወጪም ከመብራት ክፍያውም አተረፈ። ተመራማሪዎች የኩይሳው ውስጣዊ አሠራር አርክቴክቱ ካሰበው የተለየ መሆኑን በኋላ ቢያሳዩም፣ ሕንፃው ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ሀራሬ የመለሰችው ጥያቄ፦ ሌሊቱ ነፃ ብርድ እየሰጠን ቀን ለምን ብርድ እንገዛለን?

አራተኛዋ በቡርኪና ፋሶ የምትገኘው የጋንዶ መንደር ናት። የመንደሩ ተወላጅ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ2001 አለቀ። የመንደሩ ሰው እንደ ደቦ ወጥቶ አፈሩን ቆፈረ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ ሸክላውን ጥቂት ሲሚንቶ ቀላቅሎ ጨምቆ ብሎኬት አደረገ። የቆርቆሮውን ጣሪያ ኬሬ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አላሳረፈውም። ከብሎኬት በተሠራ ኮርኒስ በላይ በቀጫጭን ብረቶች ከፍ አድርጎ አንሳፈፈው፤ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል፣ በቆርቆሮው የጋለው አየር ወደ ክፍሉ ሳይወርድ ይወሰዳል። ሰፊው የጣሪያ ጠርዝም ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። ትምህርት ቤቱ በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። ኬሬ በ2022 በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ያለ አንዳች የነጥብ መዝገብ የቆመው ይህ ሕንፃ፣ በየትኛውም ሚዛን ቢመዘን የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን ምዘናዎቹ ከራሳቸው ስህተት የተማሩባቸውን ሁለት ነገሮች ላንሳ፤ እኛ ዘግይተን መጀመራችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ትምህርት፦ ወረቀት ላይ የተቆጠበ ኃይል ሁልጊዜ በቆጣሪ ላይ አይታይም። በንድፍ ጊዜ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሕንፃ ሰው ሲገባበት ከታሰበው በላይ ሊፈጅ ይችላል። አውስትራሊያ ለዚህ ናበርስ የተባለ ዘዴ አላት፤ የሕንፃውን የአሥራ ሁለት ወር የቆጣሪ ንባብ ወስዶ እስከ ስድስት ኮከብ ይሰጣል። ከ2017 ጀምሮ 1,000 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቢሮ የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ይህን ደረጃ ለገበያ ይፋ ማድረግ አለበት። ተከራይ ከመፈረሙ በፊት ያያል፤ ባለ ሕንፃም ዝቅተኛ ኮከብ እንዳያሳፍረው ያስተካክላል። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ በ2019 ባወጣችው ሕግ ለትልልቅ ሕንፃዎች የልቀት ጣሪያ አስቀመጠች፤ ከ2024 ጀምሮ ጣሪያውን ያለፈ ባለንብረት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቶን 268 ዶላር ይቀጣል።

ሁለተኛው ትምህርት፦ ሕንፃው ሳይከፈት የወጣው ልቀትም ይቆጠራል። ፈረንሳይ ከ2022፣ ዴንማርክ ከ2023 ጀምሮ አዲስ ሕንፃ ከዕቃው ምርት እስከ መጨረሻው የሚያስከትለውን ልቀት በሕግ ገደቡበት። ዴንማርክ ስትጀምር ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች በካሬ ሜትር በዓመት 12 ኪሎ ግራም የሚል ጣሪያ አስቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ እያጠበቀችው ነው።

እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ምንድን ነው? እኔ ሦስት አያለሁ፦ ፀሐይ፣ ውሃ፣ ሲሚንቶ።

ፀሐይን አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም እምብዛም የማይጠይቅ ነው። ዳርምሽታት በብዙ ልፋት ያገኘችውን ምቾት ተፈጥሮ በነፃ ሰጥታናለች። ይህን ስጦታ የምናባክነው በመስታወት ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ በተመለከተ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ላይ ከ500 ዋት በላይ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ሃያ ካሬ ሜትር መስታወት ያለው ቢሮ 10 ኪሎዋት ይቀበላል ማለት ነው፤ ይህም ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶችን ጥዶ በመካከላቸው ቁጭ ብሎ እንደ መሥራት ነው። ከዚያ በኋላ መጋረጃ ይዘጋል፣ ቀን በጠራራ አምፖል ይበራል፣ ኤሲ ይገጠማል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ረጃጅሞቹን ፊቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር፣ አጫጭሮቹን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ መተው ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን የደቡብ ፀሐይ ወደ 58 ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምትቆም፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ጥላ የአንድ ሜትር ተኩል መስኮትን ሙሉ በሙሉ ይከልላል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ከጥላው ሥር ስለምትገባ፣ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል መስኮቱን ማሳነስና ቋሚ መከለያ ማቆም ያስፈልጋል። ሰፊ በረንዳ ያላቸውን የቀድሞ የአዲስ አበባ ቤቶች የሠሩ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር።

ደግሞም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም። ለሰመራ የሚስማማው ለደብረ ብርሃን አይስማማም። ሕዝባችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ ብሎ ከፍሎ ሲያርስና ሲሠፍር ኖሯል፤ የሕንፃ መስፈርታችንም ይህንኑ ክፍፍል መከተል አለበት። ለደጋው ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ፣ ለወይና ደጋው ጥላና የሚከፈት መስኮት፣ ለቆላው ሙቀት የሚያዘገይ ወፍራም ግንብና የሌሊት ነፋስ፤ የሐረር የድንጋይ ቤቶች ወፍራም ግድግዳ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ውሃ ነው። በከተሞቻችን ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በየጣሪያው ላይ ሮቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 120,000 ሊትር ማለት ነው። የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ወደ 100,000 ሊትር ይቀራል። ይህ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ ጎዳናውን ያጥለቀልቃል። ዝናቡ በጥቂት ወራት ተጠቃልሎ ስለሚወርድ ሁሉንም ማከማቸት አይቻልም፤ ነገር ግን ከምድር ቤት በታች በቂ ገንዳ የሠራ ሕንፃ ክረምቱን ሙሉ ለመጸዳጃ፣ ለጽዳትና ለአትክልት የቧንቧ ውሃ ሳይነካ ሊከርም ይችላል። የተረፈው የቧንቧ ውሃ ደግሞ ለጎረቤቱ ይደርሳል።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ሁኔታ ከአውሮፓ ፈጽሞ ይለያል። የመብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ኃይል ስለሆነ፣ ሕንፃችን ሲገለገሉበት የሚለቀው ካርቦን ትንሽ ነው። ትልቁ ልቀት ያለው በዕቃው ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይሸፍናል። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ አይመጣም፤ በ1,450 ዲግሪ ሙቀት ከሚጋገረው ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ነዳጁን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያ ድንጋይ ተጋግሮ የሚወጣውን የሲሚንቶ ዋና ክፍል፣ ክሊንከሩን፣ መቀነስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስምጥ ሸለቆው ባለውለታችን ነው። እሳተ ገሞራ የተወልን ፑሚስና መሰል አፈር ተፈጭቶ ከክሊንከሩ የተወሰነውን ክፍል ይተካል፤ ግንበኞቻችን ፒፒሲ የሚሉት ሲሚንቶ ይኸው ነው። ሮማውያን ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ኮንክሪት ያቆሙት የፓንቴዮን ጉልላት ከ1,800 ዓመት በላይ ቆሟል። ለልስን፣ ለግንብና ለብዙ ሥራ ፒፒሲ በሚበቃበት ቦታ ክሊንከር የበዛበትን ኦፒሲ ማፍሰስ ገንዘብንም አየርንም ማባከን ነው። አፈሩም ራሱ ገና በሚገባ አልተሠራበትም። በ2010 የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ከአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ተቋም ጋር ሆኖ፣ የታችኛው ግድግዳው ከተደቆሰ አፈር፣ የላይኛው ከተጨመቀ የአፈር ብሎኬት የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አቁሟል። ጭድና ጭቃ፣ ማገርና ምርጊት የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉም ያነሰ ልቀት የሚያስከትለው ግን ያለውን ሕንፃ ማደስ ነው፤ አርማታው አንዴ ፈስሷል፣ ዋጋው ተከፍሏል። በ1961 የተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ፈርሶ በአዲስ አልተተካም፤ በጥንቃቄ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፈተ። ታሪክንም ካርቦንንም ማዳን ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አራት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ንድፉን ሲመረምር የአቅጣጫውን፣ የጥላውንና የዝናብ ውሃ ገንዳውን ስሌት ይጠይቅ። ሦስቱም በወረቀት ላይ የሚሠሩ ስለሆኑ ከባለቤቱ ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

ሁለተኛ፣ ባንኮችና ትልልቅ ባለሀብቶች ለመነሻ ኤጅ የተባለውን ምዘና ይጠቀሙ። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ይህን ምዘና ያዘጋጀው በተለይ ለታዳጊ አገሮች ነው። በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል፤ ማስያ ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል። ብድር ለግንባታ ሲሰጥ ይህ ስሌት ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ሕንፃዎች አርአያ ይሁኑ። የዓመቱን የመብራትና የውሃ ፍጆታቸውን በካሬ ሜትር አስልተው በመግቢያቸው በር ላይ ይለጥፉ። ሕዝብ ያየው ቁጥር ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የሙያ ማኅበራቱ ተቀናጅተው ከደጋ እስከ በረሃ ለየአየር ንብረቱ የሚሆን መስፈርት ያርቅቁ። ሀራሬና ጋንዶ የደረሱበት ዕውቀት በአህጉራችን ውስጥ ነው፤ ለትምህርት ወደዚያም እንሂድ።

ተማሪዎች ሆይ፤ የመጀመሪያውን መስመር ከማስመራችሁ በፊት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትወጣ፣ ዝናቡ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሲሚንቶው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ንድፍ የምስክር ወረቀት ባይኖረውም አረንጓዴ ነው። ያልመለሰው ግን የፕላቲነም ሰሌዳ ቢለጠፍበትም ለእኛ አገር አይሆንም። የኢትዮጵያን መስፈርት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።